ምዕራፍ 7፦ ያልተወለደ ሰው የልደት ቀን

በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጀምር። «መርዶክ ኒካልስ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1966 በእንግሊዝ አገር፣ በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ ተወለደ።» ሰዋስዉ እንከን የለውም። ከተማዋ በካርታ ላይ አለች፤ በሸክላና በፖርሲሊን ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ቀኑም አለ፤ ሰኞ ነበር። የጎደለው የተወለደው ሰው ብቻ ነው። መርዶክን የሣለው እጅ አለ፣ ድምፁን ያዋሰው ተዋናይ አለ፣ በስሙ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሙዚቀኛ አለ። መርዶክ ራሱ ግን የለም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ገብቶ ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ በዊኪፔዲያ ላይ አገኛችሁት እንበል። የማረሚያውን ቁልፍ ተጭናችኋል፤ ጠቋሚዋ «ተወለደ» በሚለው ቃል አጠገብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን ታደርጋላችሁ? ውሸት ነው ብላችሁ ብትሰርዙት፣ የገጸ ባሕርዩ ታሪክ ይጎድላል፤ ስለ እሱ ሊያነብ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ብትተዉት ደግሞ መዝገቡ የሌለ ሰው ስለ መወለዱ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ይህ ምዕራፍ በመሰረዝና በመተው መካከል ስላለው መንገድ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። አንዴ እግር ከለመደው ግን ከሙዚቃ አልፎ ለዜናም ለሰፈር ወሬም ያገለግላል።

አራት ሥዕሎች፣ ሁለት ሰዎች

መርዶክ የጎሪላዝ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነው። ባንዱን በ1998 ለንደን ውስጥ የፈጠሩት የብለር ባንድ ድምፃዊ ዴመን አልባርንና የታንክ ገርል ኮሚክ ሠዓሊ ጄሚ ሂውሌት ናቸው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ በምዕራብ ለንደን አንድ ቤት ተጋርተው ሲኖሩ ኤምቲቪን እያዩ ያመሹ ነበር። በስክሪኑ ላይ የሚፈራረቁት ኮከቦች ፍሬ የሌላቸው ሆኑባቸው። ኮከብ የሚባለው ነገር የተሠራ ከሆነ፣ ከነጭራሹ በእርሳስ ቢሠራስ? ሂውሌት አራት ገጸ ባሕርያት ሣለ፦ ሰማያዊ ፀጉር ያለው ድምፃዊ ቱዲ፣ ተንኮለኛው መርዶክ፣ ከጃፓን በዕቃ ሣጥን ታሽጋ የመጣችው ጊታሪስት ኑድል፣ የብሩክሊኑ ግዙፍ ድራመር ራስል ሆብስ። አልባርን ደግሞ ሙዚቃውን ያዘ።

የመጀመሪያ አልበማቸው ማርች 26 ቀን 2001 ወጣ። ዊኪፔዲያ ሥራ የጀመረው ከዚያ 70 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 15 ነበር። የሌሉ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚያመርት ባንድና፣ ውሎ አድሮ ለየዓረፍተ ነገሩ ምንጭ መጠየቅ የጀመረ መዝገብ እኩያሞች ናቸው።

ሥዕል ዘፈነ ሲባል ጎሪላዝ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1969 አሜሪካ ውስጥ «ሹገር፣ ሹገር» የተባለው ዘፈን በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አናት ላይ አራት ሳምንት ተቀምጧል። በሸክላው ላይ የተጻፈው ስም ዘ አርቺስ የሚል ነበር፤ የቴሌቪዥን ካርቱን ውስጥ ያሉ ጎረምሶች ማለት ነው። በእውነት የዘፈነው ሮን ዳንቴ የተባለ የስቱዲዮ ድምፃዊ ነው። የአርቺዎች ታሪክ ግን ከካርቱኑ ብዙም አልወጣም። የጎሪላዝ ታሪክ ከሥዕሉ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ቃለ መጠይቅ ሰጠ፣ መጽሐፍ አሳተመ፣ ሽልማት ተቀበለ፣ ሽልማት እንቢ አለ። አርታኢውን የሚያደክመው ይህ መውጣቱ ነው።

«ነበረ አሉ»

አማርኛ ለዚህ ችግር እንግዳ አይደለም። ተረት የሚነግሩን አያቶች «አንድ ንጉሥ ነበረ» ብለው አያቆሙም፤ «ነበረ አሉ» ይላሉ። «አሉ» ሁለት ፊደል ብትሆንም አጥር ናት። ተራኪዋ «እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ሲባል የሰማሁትን ነው» ማለቷ ነው። ልጁም ይገባዋል። ጅብና አህያ ሲከራከሩ እየሰማ በደስታ ይንፈራገጣል፤ በማግሥቱ ግን አህያዋን ሄዶ አያናግራትም።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ልብ ወለድ ለሚጽፉ ያወጣው መመሪያም አጥሩን እንዲሁ ያጥራል። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ፣ ከታሪኩ ውጭ ቆማችሁ ጻፉ የሚል ነው። የገጸ ባሕርይን ኑሮ እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ አትተርኩ፤ ማን እንደ ፈጠረው፣ የት እንደ ታየ፣ በአንባቢና በተመልካች ዘንድ ምን እንዳስከተለ አስቀድሙ።

በተግባር እንየው። አንድ አድናቂ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ቱዲ ይህን ስም ያገኘው በ1997 መርዶክ በመኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ስርጉድ ስለቀረበት ነው።» ጀማሪ አርታኢ ሁሉንም ይሰርዛል። የተካነው ግን እንዲህ ያደርገዋል፦ «ሂውሌትና አልባርን በፈጠሩት ታሪክ መሠረት፣ ቱዲ የተባለው ገጸ ባሕርይ ስያሜውን ያገኘው በ1997 መርዶክ በመኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ላይ በቀሩት ሁለት ስርጉዶች (በእንግሊዝኛ «ቱ ዴንትስ») ነው።» ከታሪኩ አንዲት ነጥብ አልጠፋችም። የተጨመረው የታሪኩ ባለቤት ነው።

የመዝገበ ዕውቀት «አሉ» ከአያት «አሉ» የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለተረት «አሉ» ብቻውን ይበቃል፤ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ልጅ ካለም ዝም ብለህ ስማ ይባላል። መዝገበ ዕውቀት ግን የዚያ ልጅ ወገን ነው። «ማን አለ? የት አለ? መቼ አለ?» ሳይል አያልፍም። በዊኪፔዲያ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ቁጥር የዚህ ጥያቄ መልስ ናት።

ቀኑን ለምን አትመነዝሩትም

ወደ መርዶክ ልደት እንመለስ። ጁን 6 ቀን 1966 በቁጥር ሲጻፍ 6/6/66 ይሆናል። በዮሐንስ ራእይ የአውሬው ቁጥር 666 ነው፤ በባንዱ ታሪክ ደግሞ መርዶክ ከሰይጣን ጋር ወዳጅነት አለኝ የሚል ሰው ነው። ቀኑ የተመረጠው ለዚህ ቀልድ ነው።

አሁን ስለ ጎሪላዝ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አስቡ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ያሉት ትንሽ መዝገብ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም በጎ ፈቃደኛ ለአንባቢው አስቦ ቀኖችን ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልስ ደግ አደረገ እንላለን። አልባርን ማርች 23 ቀን 1968 ተወለደ፤ መጋቢት 14 ቀን 1960 ዓ.ም. ብሎ ቢጽፈው ምንም አይጎድልም፤ ያው አንድ ቀን ነው። የመርዶክን ልደት ሲመነዝር ግን ግንቦት 29 ቀን 1958 ዓ.ም. ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ቀልዱ ግን ሞተ። የአልባርን ልደት የተፈጸመ ነገር ነው፤ በየትኛውም አቆጣጠር ቢጻፍ አይለወጥም። የመርዶክ ልደት ግን ድርሰት ነው፤ ድርሰትነቱም ያለው በቁጥሮቹ ቅርጽ ላይ ነው። አርታኢው ፈጠራን ከክስተት ካልለየ፣ ትክክለኛ ስሌት ሠርቶ የተሳሳተ ጽሑፍ ያወጣል።

አማርኛ ሌላም ጣጣ አለው። በወረቀት ላይ መርዶክ ከፈጣሪዎቹ በሁለት ዓመት ገደማ ይበልጣል። ለአልባርን «ተወለዱ» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ለመርዶክስ ምን ሊል ነው? ታላቅ ነውና አንቱ ይበለው? እንግሊዝኛ የማይጠይቀውን ይህን ጥያቄ የእኛ ግስ በየመስመሩ ይጠይቃል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው መፍትሔው። በመሐል መቀያየር አንባቢው የማን ሕይወት እውነት እንደሆነ በግሱ እንዲገምት ይገፋፋዋል፤ ያን ደግሞ በግልጽ መናገር የጸሐፊው ሥራ ነው።

ጋዜጣው እውነት፣ አፉ ፈጠራ

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ነው። በ2001 የጎሪላዝ የመጀመሪያ አልበም ለሜርኩሪ ሽልማት ታጨ። በብሪታንያ ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ክብር ነው፤ ባንዱ ግን ከዕጩዎች ዝርዝር እንዲወጣ ጠየቀ፤ ወጣም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሰጠው መርዶክ ነው። ሽልማቱን ማሸነፍ የሞተ የባሕር ወፍ ለዘላለም አንገት ላይ እንደ መሸከም ነው የሚል ነገር ተናገረ፤ ጋዜጦችም ጻፉት።

አርታኢው ፊት ያለውን ቋጠሮ ልብ በሉ። ዕጩነቱ ተፈጽሟል። መውጣቱም ተፈጽሟል። ጋዜጣው የታመነ ምንጭ ነው። ምክንያቱን የተናገረው አፍ ግን በቀለም የተሣለ ነው። «ምንጭ አለኝ» ማለት እዚህ አይበቃም፤ ምንጩ ለየትኛው የዓረፍተ ነገር ክፍል እንደሚመሰክር መለየት ያስፈልጋል። በትክክል ሲጻፍ፦ «ባንዱ ከዕጩነት እንዲወጣ ጠየቀ፤ በመርዶክ ገጸ ባሕርይ ስም በተሰጠው መግለጫም ሽልማቱ ሸክም እንደሚሆን ተገለጸ» ይሆናል። ድርጊቱ ለባንዱ፣ ንግግሩ ለገጸ ባሕርዩ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ።

በ2006 ቋጠሮው ጠበቀ። «ራይዝ ኦቭ ዘ ኦገር» የተባለ የጎሪላዝ ግለ ታሪክ ታተመ። አራቱ ገጸ ባሕርያት በየተራ ስለ ሕይወታቸው ያወራሉ። ቃላቱን የጻፈላቸው ካስ ብራውን ነው። ይህ ሰው ደግሞ በመድረክ ለጎሪላዝ ድራም የመታ ሙዚቀኛ ነው። እንግዲህ እውነተኛው ድራመር ለፈጠራው ድራመር ትዝታ ጻፈለት ማለት ነው። አርታኢው ይህን መጽሐፍ መጥቀስ ይችላል? ይችላል፤ በልክ። ታሪኩ ምን እንደሚል ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም። በዓለም ላይ ምን እንደተፈጸመ ለማረጋገጥ ግን ምስክርነቱ አይቆጠርም፤ ቀበሮ ምስክሬ ጭራዬ ናት እንዳለችው ይሆናል።

በሣጥኑ ውስጥ ማን ይግባ?

በዊኪፔዲያ የባንድ ገጽ ጎን ላይ አንዲት የመረጃ ሣጥን አለች። የተመሠረተበት ዓመት፣ ከተማ፣ የሙዚቃ ስልት፣ አባላት። ጽሑፉ ውስጥ አንድን ነገር በሦስት መስመር ማብራራት ይቻላል። ሣጥኗ ግን ስም ብቻ ነው የምትቀበለው፤ «በታሪኩ መሠረት» ለሚል ሐረግ ቦታ የላትም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ይከማቻል።

«አባላት» በሚለው ሥር ማን ይጻፍ? ሙዚቃውን የሚሠራው አልባርን? ሥዕሉን የሚሠራው፣ ነገር ግን በመድረክ መሣሪያ የማይጫወተው ሂውሌት? ወይስ በአልበሙ ሽፋን ላይ ያሉት አራቱ? ሬሚ ካባካ ጁኒየርስ? እሱ ለዓመታት የራስልን ድምፅ ሲያሰማ ቆይቶ፣ ኋላ ከሙዚቃው አዘጋጆች አንዱ ሆኗል። የምናባዊው ድራመር ድምፅ የእውነተኛው ባንድ አባል ሆነ።

በ2018 ደግሞ ሌላ መጣ። «ዘ ናው ናው» የተባለው አልበም ሲወጣ፣ በታሪኩ መርዶክ ታስሯል፤ ቤዙን የያዘው ኤስ የተባለ አረንጓዴ ጎረምሳ ነው። ኤስ ሂውሌት የፈጠረው አይደለም፤ «ዘ ፓወርፓፍ ገርልስ» ከተባለው የልጆች ካርቱን በውሰት የመጣ ነው። የሌለ ሰው በሌለ እስር ቤት ስለገባ፣ ከሌላ ፈጠራ የመጣ ሌላ የሌለ ሰው ተተካ። ኤስ ሣጥኗ ላይ «የቀድሞ አባል» ተብሎ ይጻፍ?

እንዲህ ያለው ነገር በዊኪፔዲያ የሚፈታው በውይይት ገጽ ነው። ከየጽሑፉ ጀርባ አንድ የውይይት ገጽና የለውጦች ሁሉ መዝገብ አለ፤ ማን በስንት ሰዓት የትኛዋን ፊደል እንደነካ ይታያል። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይመልሰዋል፣ የመጀመሪያው እንደገና ያመጣዋል። ይህ «የአርትዖት ጦርነት» ይባላል። ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል ይላል። ደንቡ ማን እውነተኛ እንደሆነ አይፈርድም። ሁለቱንም ከማረሚያው ቁልፍ አንሥቶ ወደ ውይይቱ ይወስዳቸዋል፤ እንደ ዕድር ስብሰባ፣ የቆመ ሁሉ ይቀመጥ እንደ ማለት ነው።

ለምናባዊ ባንድ የሚያዋጣው መውጫ ዝርዝሩን ለሁለት መክፈል ነው፦ ሠሪዎች በአንድ ወገን፣ ምናባዊ አባላት በሌላ ወገን። «ምናባዊ አባላት» የምትለው ርዕስ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ለሣጥኗ አጥር ሆነችላት።

ሣጥኗ ፎቶም ትፈልጋለች፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአልባርንን ፎቶ ኮንሰርት ላይ የተገኘ አድናቂ አንሥቶ፣ ማንም ይጠቀምበት ብሎ ሊለቀው ይችላል። የመርዶክን ምስል ግን ማንም ተነሥቶ ሊለቀው አይችልም፤ የቅጂ መብት አለበት። የዊኪፔዲያ ቤተሰብ የጋራ የምስል ማከማቻ አይቀበለውም፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያም የሚፈቅደው ምክንያቱ ተጽፎ፣ በጠባብ ገደብ ነው። የሌለው ሰው ፊት ከሚኖረው ሰው ፊት ይልቅ ጠንካራ ባለቤት አለው።

መስታወቱ

ኖቬምበር 2005፣ ሊዝበን። በኤምቲቪ አውሮፓ ሽልማት መድረክ ላይ አራቱ ገጸ ባሕርያት ቆመው ተጫወቱ። በፌብሩዋሪ 2006 ደግሞ በግራሚ መድረክ ላይ ከማዶና ጋር ታዩ። በዚያው ምሽት ከዴ ላ ሶል ጋር የሠሩት «ፊል ጉድ ኢንክ» በድምፅ የታጀበ ምርጥ የፖፕ ጥምረት ተብሎ ግራሚ አግኝቷል። በየቦታው ይህን ትዕይንት «ሆሎግራም» ብሎ የሚጽፍ አይታጣም።

ሆሎግራም አልነበረም። ዘዴው ከ1862 ጀምሮ በለንደን መድረክ የታወቀ፣ «የፔፐር መንፈስ» የተባለ የነጸብራቅ ጥበብ ነው። በሌሊት አውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ውጭው ጨለማ፣ ውስጡ ብርሃን ሲሆን፣ የራሳችሁ ፊት ከመስኮቱ ባሻገር በጨለማው ውስጥ ተንሳፎ ታዩታላችሁ። በመድረኩም ላይ መስታወት፣ በዘመናችን ደግሞ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ፣ በ45 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ ይወጠራል። ከተመልካቹ ከተሰወረ ቦታ የሚበራው ምስል በእሱ ላይ ተንጸባርቆ ከበስተኋላው የቆመ ይመስላል።

«ሆሎግራም» የሚለውን «በነጸብራቅ የቀረበ ምስል» ብሎ ማረም ከልደቱ ቀን እርማት ጋር አንድ ነው። የታየው ነገር መታየቱ አልተካደም፤ ከየት እንደመጣ ተነገረ እንጂ።

ባለቤት የሌለው «አሉ»

በ2025 ክረምት ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የተባለ ባንድ በስፖቲፋይ ላይ ብቅ አለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወርሃዊ አድማጮቹ ከአንድ ሚሊዮን አለፉ። የአባላቱ ስም ነበረ፣ ፎቶም ነበረ፤ ሰዎቹን በአካል የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ከዚያም አንድ ሰው የባንዱ ቃል አቀባይ ነኝ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ ተጻፈለት። ቆይቶ ከባንዱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ ጋዜጠኞቹንም እንዳታለለ ራሱ ገለጠ። በመጨረሻ የባንዱ የስፖቲፋይ ገጽ ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት እገዛ የተሠራ እንደሆነ አመነ።

ጎሪላዝም ይዋሻል፤ ግን ሲዋሽ እጁን አይደብቅም። ሂውሌት ሣለ፣ አልባርን ዘፈነ፣ መርዶክ «ተናገረ»፤ አጥሩ የት እንዳለ መፈለግ የሚችል ሰው ያገኘዋል። ቬልቬት ሰንዳውን ላይ ግን «ማን አለ?» ለሚለው ለሳምንታት መልስ አልነበረም። በዚያ መሐል የዊኪፔዲያ አርታኢ ከባድ ሥራው አለመጻፍ ነው። የቃል አቀባዩን ቃል እንደ ባንዱ ቃል የቸኮለ ሰው ቢያስገባ፣ በማግሥቱ ባንዱንም ጋዜጣውንም መዝገቡንም አንድ ላይ ያሳስታል። የጠበቀ አርታኢ «የባንዱ ቃል አቀባይ ነኝ ያለ ሰው ለጋዜጣ እንደተናገረው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ሰውየው ቃሉን ቢያጥፍም ዓረፍተ ነገሩ አይታጠፍም። ያለው ሰው ብሏልና።

አሁን ጠቋሚዋ «ተወለደ» አጠገብ ብልጭ ድርግም ወደምትልበት ገጽ እንመለስ። ዓረፍተ ነገሩን አንሰርዘውም፤ እንዲህ እንጽፈዋለን፦ «መርዶክ ኒካልስ ጄሚ ሂውሌትና ዴመን አልባርን በ1998 ለመሠረቱት ምናባዊ ባንድ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው፤ በባንዱ ታሪክ የልደቱ ቀን ጁን 6 ቀን 1966፣ የትውልድ ቦታው ስቶክ ኦን ትሬንት ተብሎ ተሰጥቷል።» ረዘም ብሏል። ቀኑ በቦታው ነው፣ ከተማዋም በቦታዋ ናት፣ 6/6/66ም ሳይመነዘር ተቀምጧል። የተለወጠው ግሱ ብቻ ነው፤ ቀድሞ መርዶክ ተወለደ ይል ነበር፤ አሁን ማን እንደወለደው ይናገራል።